በባንክ የሳንቲም ጥቅል ውስጥ ስለሚገኘው ብር

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንድ ሰው ወደ ባንክ ገብቶ አምስት መቶ ዶላር በወረቀት ይሰጥና በምትኩ አንድ ሺህ ባለ ኀምሳ ሳንቲም በጥቅል በጥቅል ሆኖ ተቀብሎ ይወጣል። ሸክሙ ከዐሥራ አንድ ኪሎ ይበልጣል። ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ጥቅሉን እየፈታ የእያንዳንዱን ሳንቲም ጠርዝና የተቀረጸበትን ዓመት ይመረምራል፤ የሚፈልገውን ሲያገኝ ለብቻ ያስቀምጣል፤ የቀረውን ቈጥሮ መልሶ ወደ ባንክ ያስገባል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ከንቱ ድካም ይመስላል። ሰውዬው የሚፈልገው ግን ከብዙ ዘመን በፊት ከገበያ ጠፋ የተባለውን ብር ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ብር» የሚለው ቃል ያለ ሌላ ቅጽል ሲገኝ የሚያመለክተው ማዕድኑን እንጂ የኢትዮጵያን ገንዘብ አይደለም። ዓመታቱም በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህ ፍለጋ ለአንዳንዱ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ፣ ለሌላው ደግሞ የትርፍ ምንጭ ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ መደብር፣ ምግብ ቤትና የመኪና ማቆሚያ ቦታ የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ ዝርዝር ገንዘብ በእጃቸው ስለሚያልፍ ነገሩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በአገር ውስጥ ላለ ነጋዴም ቢሆን ገንዘብ ምን እንደ ሆነና ወጪ ምን እንደ ሆነ የሚያስተውልበት ጥሩ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ፣ እንዴት እንደሚሠራና በሒሳብ ሲመዘን ምን ያህል እንደሚያዋጣ በዚህ ተራ በተራ ይገለጻል።

ስለ ሁለቱ ዋጋዎች

ማናቸውም የብረት ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ሕግ የሰጠውና በፊቱ የተጻፈው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ የተሠራበት ማዕድን በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ነው። የተጻፈው ዋጋ ከማዕድኑ ዋጋ በልጦ በሚገኝበት ጊዜ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይኖራል። የማዕድኑ ዋጋ የበለጠ እንደ ሆነ ግን አዋቂ ሰው ደኅናውን ገንዘብ ያስቀምጥና ዝቅተኛውን ያወጣል። በዚህም ምክንያት ደኅናው ገንዘብ ከገበያ እየሸሸ ዝቅተኛው ብቻ ይቀራል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ነገር በ16ኛው መቶ ዓመት በነበሩት እንግሊዛዊ ነጋዴ በሰር ቶማስ ግሬሻም ስም «የግሬሻም ሕግ» ይሉታል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ይህ ዐዲስ ትምህርት አይደለም። በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ የነበሩት አባቶች ገንዘቡን ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዕንቁዎች እስከ መቊጠር ይደርሱ ነበር። ምክንያቱም የሚቀበሉት ማዕድኑን ስለ ነበር ነው።

የ1965 ሕግ ያመጣው ለውጥ

በአሜሪካ እስከ 1964 ድረስ የተቀረጹት ባለ ዐሥር፣ ባለ ሃያ አምስትና ባለ ኀምሳ ሳንቲሞች ከመቶ ዘጠናው እጅ ብር፣ ዐሥሩ እጅ መዳብ ነበሩ። ነገር ግን ለፎቶግራፍ ፊልም፣ ለኤሌክትሪክ መሣሪያና ለልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚፈለገው ብር እየበዛ ሄዶ ከማዕድን ጕድጓድ ከሚወጣው በለጠ። የአገሪቱ ግምጃ ቤት ካለው ክምችት አንዱን ትሮይ አውንስ በ1 ዶላር ከ29 ሳንቲም ገደማ እየሸጠ ዋጋው እንዳይወጣ ይዞ ቈየ። ዋጋው ወደ 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ቢደርስ በነዚህ ሳንቲሞች ውስጥ ያለው ብር ከተጻፈባቸው ዋጋ ጋር እኩል ይሆን ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ሳንቲሙን ማቅለጥ ትርፍ ያስገኛል። ይህን ያስተዋለ ሁሉ ዝርዝር ገንዘብ ማከማቸት ስለ ጀመረ በየሱቁ የመልስ እጥረት ሆነ።

ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁላይ 23 ቀን 1965 ዐዲስ የሳንቲም ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት ባለ ዐሥሩና ባለ ሃያ አምስቱ ከብር ፈጽመው ተለዩ፤ ውስጣቸው ንጹሕ መዳብ፣ ከላይና ከታች የሚሸፍናቸው ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሆነ። ባለ ኀምሳው ብሩ ከመቶ ወደ አርባ እጅ ዝቅ ብሎ እስከ 1970 ቀጠለ፤ ከ1971 ጀምሮ ግን ለዝውውር የሚወጣው ባለ ኀምሳ ብር የለውም። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በፈረሙ ጊዜ መንግሥት በቂ ብር ስላለው የብር ሳንቲም ማከማቸት ትርፍ እንደማያመጣ ለሕዝቡ አስታውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ማከማቸቱን አልተወም። ግምጃ ቤቱም በ1967 ብሩን በዚያ ዋጋ መሸጡን ስላቆመ ዋጋው ወጣ። በዚያው ዓመት የብር ሳንቲም ማቅለጥ ተከለከለ፤ ክልከላውም በ1969 ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ትልቁ አጨዳ የሆነው በ1980 መግቢያ ነው። በዚያን ዓመት በጃንዋሪ የአንድ ትሮይ አውንስ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ስለ ቀረበ በየቤቱ ተቀምጦ የነበረው የብር ሳንቲም በብዛት ወደ ማቅለጫ ምድጃ ገባ። እንግዲህ አዝመራው ከታጨደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ በባንክ ጥቅል ውስጥ የሚፈለገው ከአጫጆች የተረፈው ቃርሚያ ነው። ይህን ልዩነት በልብ ይዞ መነሣት ለሒሳቡ ሁሉ መሠረት ነው።

ስለ ጥቅሉ

የአሜሪካ ባንኮች ሳንቲም የሚሰጡት በተወሰነ ቍጥር ተጠቅልሎ ነው። ልኩም እንደሚከተለው ነው።

ባለ አንድ ሳንቲም፦ በአንድ ጥቅል 50 ፍሬ፣ ዋጋው 50 ሳንቲም፤
ባለ አምስት ሳንቲም፦ 40 ፍሬ፣ ዋጋው 2 ዶላር፤
ባለ ዐሥር ሳንቲም፦ 50 ፍሬ፣ ዋጋው 5 ዶላር፤
ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም፦ 40 ፍሬ፣ ዋጋው 10 ዶላር፤
ባለ ኀምሳ ሳንቲም፦ 20 ፍሬ፣ ዋጋው 10 ዶላር።

ብዙ የሚፈልግ ሰው በካርቶን ያዛል። አንዱ ካርቶን ብዙውን ጊዜ 50 ጥቅል ስለሚይዝ የባለ ዐሥሩ ካርቶን 250 ዶላር፣ የባለ ሃያ አምስቱም የባለ ኀምሳውም እያንዳንዱ 500 ዶላር ይሆናል።

ብር ዋጋው እንዲህ ከፍ ካለ እንዴት እስከ ዛሬ በጥቅል ውስጥ ሊቀር ቻለ? መልሱ ሳንቲም የሚመለስበትን መንገድ በማየት ይገኛል። አንድ ሽማግሌ ለብዙ ዓመታት በማሰሮ ያጠራቀመውን ሳንቲም ትቶ ሲሞት ወራሾቹ ምንነቱን ሳያውቁ ወደ ባንክ ወይም ወደ መቊጠሪያ መኪና ይወስዱታል። ሌባም የሰረቀውን የአሮጌ ሳንቲም ስብስብ በተጻፈበት ዋጋ ብቻ አውጥቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከተራው ሳንቲም ጋር ተቀላቅሎ፣ በገንዘብ አጓጓዦች መጋዘን በመኪና ተቈጥሮና ተጠቅልሎ ተመልሶ ወደ ባንክ ይመጣል።

ፈላጊዎች ከሁሉ አብልጠው የሚመርጡት ባለ ኀምሳውን ነው። ይህ ሳንቲም በአሜሪካ ገበያ ብዙ ስለማይዘዋወር በባንክ ሣጥን ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቈያል፤ በተጨማሪም ከ1965 እስከ 1970 የተቀረጸው አርባ እጅ ብር እንዳለው ያላወቁ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ። ባለ ሃያ አምስቱ በተቃራኒው በየዕለቱ በሁሉ እጅ ስለሚያልፍ ከሁሉ ቀድሞ ተለቅሟል። ከጥቅልም ጥቅል ይለያል፤ ደንበኞች በገዛ እጃቸው ጠቅልለው ያስገቡት ከቤት የመጣ ስለ ሆነ በመኪና ከተጠቀለለው ይልቅ ተስፋ ይጣልበታል።

ብሩ የሚለይበት መንገድ

የመጀመሪያውና ፈጣኑ መለያ ጠርዙ ነው። ከ1965 ወዲህ የተሠራው ባለ ዐሥርና ባለ ሃያ አምስት በጠርዙ ላይ የመዳቡ ቡናማ መስመር ይታይበታል። የብር ሳንቲም ጠርዝ ግን ዙሪያውን አንድ ወጥ ነጭ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ጥቅሉን ፈትቶ ሳንቲሞቹን በረድፍ ቢያቆማቸው ከኀምሳ ቡናማ መስመር መካከል አንድ ነጭ ቢኖር ዐይኑ ወዲያው ይይዘዋል። አርባ እጅ ብር ያለው ባለ ኀምሳ ግን ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ስለ ሆነ ሊያሳስት ይችላል፤ እርሱን በዓመቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መለያ ዓመቱ ነው። 1964ና ከዚያ በፊት የሆነ ባለ ዐሥር፣ ባለ ሃያ አምስትና ባለ ኀምሳ ዘጠና እጅ ብር ነው።

ሦስተኛው መለያ ክብደቱ ነው። የብሩ ባለ ዐሥር 2.50 ግራም ሲመዝን ዐዲሱ 2.27 ግራም ነው። የብሩ ባለ ሃያ አምስት 6.25 ግራም፣ ዐዲሱ 5.67 ግራም ነው። ባለ ኀምሳው ደግሞ ዘጠና እጅ ብር ያለው 12.50 ግራም፣ አርባ እጅ ያለው 11.50 ግራም፣ ብር የሌለው 11.34 ግራም ይመዝናል። መቊጠሪያ መኪናዎች ሳንቲም የሚለዩት በመሰሉ ምልክቶች ስለ ሆነ የብር ሳንቲምን እንደ ባዕድ ቈጥረው ወደ መጣያው ሳጥን የሚተፉበት ጊዜ አለ። ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ይህን ሳጥን ሳያዩ አያልፉም።

ባለ አምስቱ ሳንቲም ለብቻው ታሪክ አለው። ተራው ባለ አምስት ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ ከ1942 አጋማሽ እስከ 1945 ድረስ 35 እጅ ብር፣ 56 እጅ መዳብና 9 እጅ ማንጋኒዝ ያለው ተሠራ። ይህን ለመለየት በጀርባው ከተቀረጸው ሕንፃ ጕልላት በላይ አንድ ትልቅ ፊደል መኖሩን ማየት ይበቃል። ፊደሉ የተቀረጸበትን ከተማ ያመለክታል።

ብር የሌለው ግን ሰብሳቢ የሚፈልገው

ከብሩ ሌላ በብዛቱ ማነስ ወይም በአቀራረጹ ስሕተት ምክንያት ሰብሳቢዎች ከተጻፈበት ዋጋ በላይ የሚከፍሉበት ሳንቲም አለ። ባለ አንድ ሳንቲሙ ከ1909 እስከ 1958 ድረስ በጀርባው ሁለት የስንዴ ዘለላ ነበረው፤ ይህ ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ አብዛኛው ግን ዋጋው ጥቂት ነው። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለ ተፈለገ ባለ አንዱ ሳንቲም ዚንክ ከተቀባ ብረት ተሠርቶ ስለ ነበር ማግኔት ይስበዋል። በ1955 ከተቀረጹት መካከል ጽሕፈቱ ሁለት ጊዜ የታተመ መስሎ የሚታየው እጅግ የተወደደ ነው።

ዕድሜው አጭር የሆነም አለ። በ2019ና በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም መቅረጫ ቤት «ደብሊው» የሚል ፊደል ያለባቸው ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሞች በያንዳንዱ ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ሠርቶ ሆን ብሎ ከተራው ጋር ቀላቅሎ ወደ ገበያ አወጣ። ፊደሉ ዌስት ፖይንት የሚባለውን መቅረጫ ቤት ያመለክታል። 10 ሚሊዮን ብዙ ቢመስልም ለአሜሪካ ገበያ ከሚቀረጸው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለ ሆነ ሰብሳቢዎች ይሹታል።

በዚህ ረገድ ትልቁ ማስጠንቀቂያ ሳንቲምን ማጽዳት የማይገባ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የጠቈረ ሳንቲም ሲያገኝ በአመድ፣ በሎሚ ወይም በመድኃኒት ፈትጎ ያብረቀርቀዋል። ሰብሳቢ ግን የተፈተገውን ከአንድ እይታ ስለሚያውቀው ዋጋውን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ አይገዛም። እንደ ተገኘ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መድረስ ይገባል። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ሲሆን ይህም 31.1 ግራም ነው። የአገር ቤቱ ወቄት ከዚህ ያነሰ ሲሆን በአንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ ማለት በ28 ግራም ገደማ የተለካ ስለ ነበር ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። የብር ዋጋ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። ለአቈጣጠር እንዲያመች ብቻ አንዱ አውንስ 30 ዶላር ነው ብንል የእያንዳንዱ ሳንቲም ብር የሚከተለውን ያወጣል። ዘጠና እጅ ብር ያለው ባለ ዐሥር 2 ዶላር ከ17፣ ባለ ሃያ አምስት 5 ዶላር ከ43፣ ባለ ኀምሳ 10 ዶላር ከ85፤ አርባ እጅ ብር ያለው ባለ ኀምሳ 4 ዶላር ከ44፤ የጦርነቱ ጊዜ ባለ አምስት 1 ዶላር ከ69 ሳንቲም ይሆናል። ዋጋው ሲለወጥ ቍጥሮቹን በዚያው መጠን ማሳደግ ወይም ማሳነስ ነው። ገዢ ነጋዴ ግን የራሱን ትርፍ ስለሚቀንስ ሻጩ ሙሉውን አያገኝም፤ በብዙ እጅ አልፎ የሳሳም ሳንቲም ብሩ በጥቂቱ ያንሳል።

አንድ ፈላጊ ባለ 500 ዶላሩን የባለ ኀምሳ ካርቶን ገዝቶ ከአንድ ሺህ ፍሬ መካከል አርባ እጅ ብር ያላቸው ሦስት አገኘ እንበል። የሦስቱ ብር 13 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ ለሦስቱ የከፈለው 1 ዶላር ከ50 ሲቀነስ 11 ዶላር ከ82 ሳንቲም ይተርፋል። ሳንቲሙን ለማዘዝ፣ ለመቀበል፣ ለመመርመር፣ መልሶ ለመቊጠርና ለማስገባት በጠቅላላው አራት ሰዓት ቢፈጅበት የሰዓቱ ዋጋ ሦስት ዶላር እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሕግ ከ2009 ጀምሮ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የነዳጁ ወጪም ገና አልተነሣም። በዚያ ላይ ካርቶን ሙሉ መርምሮ አንድም ሳያገኝ የሚቀር ብዙ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይደክማል? አንደኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ካልታሰበበት ካርቶን ሙሉ ጥቅል ዘጠና እጅ ብር ይወጣል። ሃያ ባለ ኀምሳ በተባለው ዋጋ 217 ዶላር ስለሚሆን፣ የከፈለው 10 ዶላር ሲቀነስለት 207 ዶላር ያተርፋል። ስለ እንዲህ ያለው ቀን ሁሉም ያወራል፤ ባዶ ስለ ወጡት ካርቶኖች ግን ማንም አያወራም። ሁለተኛ፣ ዋናው ገንዘብ አይጠፋም። የሎተሪ ዕጣ የቈረጠ ሰው ዕጣው ካልወጣለት የከፈለው ቀረ፤ ሳንቲም የገዛ ሰው ግን ብር ባያገኝም 500 ዶላሩን ሙሉ ያስመልሳል። በዚህም ምክንያት «ምንም አልከሰርሁም» እያለ ራሱን ያጽናናል።

የነገሩ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሥራ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ ስለማይጻፍ ኪሳራው አይታይም። የራሱን ድካም ዋጋ ሳይተምን «አተረፍሁ» የሚል ነጋዴ በማናቸውም ሥራ ይገኛል። በሱቁ ከራሱ ጋር ልጆቹን ያሰለፈ፣ ለማንም ደመወዝ ያልከፈለ ባለ ሱቅ በዓመቱ መጨረሻ ያገኘው ትርፍ ምናልባት የነዚያ ሠራተኞች ደመወዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሳንቲም ፍለጋ ይህን እውነት በትንሽ ሚዛን አጕልቶ ያሳያል።

ስለዚህ ፍለጋው በእውነት የሚያዋጣው ሳንቲም በሥራው ምክንያት በእጁ ለሚያልፍ ሰው ነው። ባለ መደብሩ ማታ መሳቢያውን ሲዘጋ ሳንቲሙን መቊጠሩ አይቀርም። ጠርዙን መመልከት ከዚያ በላይ የሚጨምርበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ መንገድም ነዳጅም የለበትም። የብር ሃያ አምስት ሲያገኝ በምትኩ ከኪሱ ሃያ አምስት ሳንቲም አግብቶ ሒሳቡን ያስተካክላል። ተቀጣሪ ገንዘብ ያዥ ግን ያለ አሠሪው ፈቃድ ይህን ማድረግ አይገባውም። የቀየረው ገንዘብ በቍጥር እኩል ቢሆንም በመሳቢያው ያለው የአሠሪው ንብረት ነው፤ ለሁለት ዶላር ትርፍ ታማኝነቱን የሚያጠራጥር ሰው ከባድ ኪሳራ ገብቷል። አስቀድሞ መጠየቅ ነገሩን ሁሉ ያቀለዋል።

ስለ ባንክና ስለ ሕግ

ባንክ ሳንቲም በጥቅል የሚያቀርበው ለንግድ እንዲያገለግል ስለ ሆነ ፈላጊው በእንግድነት መንፈስ ሊቀርብ ይገባዋል። በባንኩ ሒሳብ ያለው ደንበኛ መሆን፣ ብዙ ሲፈልግ አስቀድሞ ማዘዝ፣ ወረፋ በሚበዛበት ሰዓት አለመሄድና የሚመለሰውን አስተካክሎ መቊጠር ተገቢ ነው። ጐድሎ የተመለሰ አንድ ጥቅል በገንዘብ ከፋዩ ላይ ጕድለት ያመጣል። ብዙ ፈላጊዎች የመረመሩትን ሳንቲም ከወሰዱበት ባንክ ወደ ሌላ ያስገባሉ፤ አለዚያ የፈተሹትን መልሰው ሊገዙት ይችላሉ። አንዳንድ ባንክና መቊጠሪያ መኪና ለመቊጠሩ ዋጋ ስለሚያስከፍል ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የሳንቲም ዝውውር ሲቀንስ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ለባንኮች የሚሰጠውን ሳንቲም መመጠኑም መታወስ አለበት፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ካርቶን ሙሉ ወስዶ ለጨዋታ መያዝ ሌላውን ነጋዴ መጕዳት ነው።

በሕግ በኩል የብር ሳንቲምን ለይቶ መያዝና መሸጥ በአሜሪካ የተፈቀደ ነው። ባለ አንድና ባለ አምስት ሳንቲምን ማቅለጥና በብዛት ከአገር ማውጣት ግን ከ2006 ዲሴምበር ጀምሮ ተከልክሏል፤ ብር ያለበት የጦርነቱ ጊዜ ባለ አምስት በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ምክንያቱም እስከ 1982 ድረስ የተሠራው ባለ አንድ ሳንቲም አብዛኛው 95 እጅ መዳብ ስለ ሆነ የመዳቡ ዋጋ ከአንድ ሳንቲም በላይ በመውጣቱ ነው። በኖቬምበር 2025 ባለ አንድ ሳንቲም ለዝውውር መቀረጹ ቢቆምም በሕዝብ እጅ ያለው ሕጋዊ ገንዘብነቱ አልተነሣም። የብር ሳንቲም ሸጦ ያተረፈ ሰው ደግሞ ትርፉ ግብር እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

የኢትዮጵያ ሽልንግ

በኢትዮጵያም ይህን የመሰለ ታሪክ አለ፤ ከአሜሪካውም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከፋሺስት ወረራ በኋላ መንግሥት የራሱን ገንዘብ ሲያቋቁም ሕዝቡ ለብዙ ዘመን የማሪያ ቴሬዛን ብር ስለ ለመደ የወረቀት ገንዘብን በቀላሉ አያምንም ነበር። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር በተለምዶ ሽልንግ የተባለው የኀምሳ ሳንቲም ገንዘብ ከብር እንዲቀረጽ ተደረገ። የተቀረጸውም በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ባለው መቅረጫ ቤት ሲሆን፣ 5.4 ሚሊዮን ያህል ትሮይ አውንስ የሚሆነውን ብር የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የብድርና የኪራይ ሕግ መሠረት አበደረ። ዐዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1945 በሥራ ላይ ዋለ።

ሽልንጉ 7.03 ግራም ይመዝናል። በመጀመሪያ የተቀረጸው 80 እጅ ብር ነበር፤ በ1947 የተቀረጸው ግን 70 እጅ ብቻ ሆነ። በሁለቱም ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት በግእዝ ቍጥር የተጻፈው ፲፱፻፴፮ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ሳንቲም በዓመቱ ሲለይ፣ ሽልንጉ በዓመቱ አይለይም፤ አንዱ 5.6 ግራም፣ ሌላው 4.9 ግራም ብር እንዳለው የሚታወቀው በአንጥረኛ ወይም በመሣሪያ ምርመራ ነው። በዚያው ዘመን የወጣው ክብ የመዳብ ስሙኒ ሽልንጉን ይመስል ስለ ነበር አታላዮች ነጭ ቀለም እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያወጡት ጀመር። በዚህ ምክንያት ከገበያ ተሰብስቦ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ የተቀረጸ ስሙኒ ወጣ። መሬት ረግጦ የቆመ ነጋዴም የገንዘብን ቅርጽ እንጂ ቀለሙን ብቻ ማመን እንደማይገባው ከዚህ ተማረ።

ዛሬ የብር ሽልንግ በባንክ አይገኝም፤ በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን አለ። ይህን የያዘ ሰው ከመሸጡ በፊት በሚዛን ማስመዘን፣ ከአንድ በላይ ገዢ መጠየቅ፣ ለማቅለጥ አለመቸኰልና ከአገር ለማውጣት ቢያስብ አስቀድሞ የቅርስና የጕምሩክ መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል። አንድ ጊዜ የቀለጠ ሽልንግ የክብደቱን ዋጋ ብቻ ያስገኛል።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ማጠቃለያ ይህ ነው። በሥራው ምክንያት ሳንቲም የሚያልፍበት ሰው ዐይኑን ከፍቶ ይቊጠር፤ የሚያገኘው ጥቂት ቢሆንም ያለ ወጪ የተገኘ ነው። ሥራውን ትቶ ካርቶን ለመፍታት የሚቀመጥ ሰው ግን አስቀድሞ የአንድ ሰዓቱን ዋጋ በወረቀት ላይ ይጻፍና ከሚያገኘው ብር ጋር ያመዛዝን። ቃርሚያ የአጫጁን ጐተራ አይሞላም፤ በመንገዱ ላይ የወደቀውን ዘለላ ረግጦ የሚያልፍም ጥሩ ገበሬ አይባልም።